ደሴ አዲስ ነኝ፤ ልጄ የት ክርስትና ትነሳ?

የዋድላዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ መድረክ ላይ ወሎዎች ስለምትበዙ እናንተን ልጠይቅ ብዬ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ዋድላ ነው። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ጅቡቲ ይመላለሳል። ለሥራው እንዲቀርበው ብለን ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ቤት ተከራይተን ገባን። አሁን አራስ ነኝ። ሴት ልጅ ናት። ሰማንያ ቀኗ እየደረሰ ነው።

እዚህ ከተማ ቤተ ክርስቲያን ሞልቷል። የእኔ የምለው ግን የለኝም። እርጉዝ እያለሁ አንዱ እሑድ አንዱ ጋ፣ ሌላው እሑድ ሌላው ጋ እያስቀደስኩ ቆየሁ። ቅዳሴው ያው ቅዳሴ ነው፤ ልቤ ይሞላል። ካለቀ በኋላ ግን ሁሉም ከሚያውቀው ጋር ይቆማል፣ እኔ ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። አገሬ እንዲህ አልነበረም። ቄሱ ከነስሜ ያውቁኛል፣ አንድ እሑድ ብቀር «ምን ሆና ነው?» ብለው እናቴን ይጠይቃሉ።

አማቴ «ልጅቷን ይዘሽ ነይ፣ የአባቶቿ ደብር ትነሳ» ይላሉ። ባለቤቴ «እዚሁ ይሁን» ይላል። እኔ መሃል ላይ ነኝ።

ሌላም ያስጨነቀኝ ነገር አለ። ታናሽ ወንድሜ ፕሮቴስታንት ሆኗል። ሊጠይቀኝ መጥቶ «ሕፃን ምን ያምናል? ውሃ ውስጥ ገብታ ከመውጣት በቀር ምን ታገኛለች?» አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው፤ እወደዋለሁ፣ ይወደኛል። ግን የምመልስለት አጣሁ። እናቴም እኔም የተነሳነው እንዲሁ ነው፤ ይደረጋል፣ ይደገሳል። ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ የለም። ለልጄ የማደርገውን ነገር አውቄው ላድርገው።

ሐረጎ

እህትዓለም፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

በመጀመሪያ የንስሐ አባት ያዢ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ለቤትሽ የሚቀርበው አጥቢያ ሄደሽ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቂ፤ የሰበካ ጉባኤ አባል ሆነሽ ትመዘገቢያለሽ። ከአገርሽ መሸኛ ካመጣሽ ጥሩ ነው። ከሌለሽ ደግሞ ሁኔታሽን አስረጂያቸው።

ደላንታ

እኔ ከአማትሽ ጋር ነኝ። የከተማ ክርስትና እኮ ቶሎ ቶሎ ነው፤ ብዙ ሕፃን በአንድ ቀን ተሰልፎ ይነሳል፣ ሁሉም ወደየቤቱ ይበተናል። አገር ቤት ግን ቄሱ ያንቺን አባት ያጠመቁ፣ አያትሽ ሲያርፉ ፍትሐት ያደረሱ ናቸው። ልጅቷ ነገ ከነገ ወዲያ «የት ነው የተነሳሽው?» ስትባል የምትጠራው ደብር ይኖራታል። ትንሽ ነገር አይደለም። መንገዱ ከከበደሽ ቀኑ ትንሽ ቢገፋ ምን አለ?

እትዬ ቧንቧ ውሃ

ደላንታ ልጄ፣ ቀኑ ይገፋ የምትለዋን ተዋት። አራስ ሴት ሕፃን አዝላ የዋድላን መንገድ በብርድ ትጓዝ? አያቷ ናቸው መምጣት ያለባቸው።

አንቺ ልጄ ስሚኝ። እኔ ደሴ ስገባ እንዳንቺ ባይተዋር ነበርኩ። ቤተ ክርስቲያን የሚለመደው ቅዳሴ በማስቀደስ ብቻ አይደለም። ቅዳሴ ሲያልቅ አትሩጪ። ወደ ማድ ቤቱ ጎራ በይ። ለበዓሉ ድፎ የሚደፋ ሰው ይፈለጋል፣ ውሃ የሚቀዳ ይፈለጋል፣ ግቢ የሚጠርግ ይፈለጋል። አንድ ቀን መጥረጊያ የያዘች ሴት በሚቀጥለው እሑድ ስሟ ይጠራል። እኔ የጽዋ ማኅበር የገባሁት ሽንኩርት ስልጥ ነው። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ፣ በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ ሲያርፍም ድንኳኑን የሞሉት እነሱ ናቸው።

አራስ ስለሆንሽ አሁን መግባት አትችዪም። ሰማንያሽ ሲሞላ ግን ልጅሽን ይዘሽ አብረሽ ነው የምትገቢው። ያ ቀን ላንቺም አዲስ መግቢያሽ ነው።

ዲያቆን ዘሐይቅ

ሰላም እህታችን። ጥያቄሽ ያንቺንም የወንድምሽንም ልብ የሚነካ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከቀኑ ልጀምር። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን የምትጠመቀው ለምንድነው? መጽሐፈ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀኑ፣ ሔዋን በ80 ቀኗ ገነት እንደገቡ ይናገራል። ኦሪት ዘሌዋውያን 12ም እናቲቱ የምትቆይባቸውን ቀኖች ይደነግጋል። ስለዚህ ልጅሽ በዚያ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስትገባ የሔዋንን መንገድ እንደገና ትሄዳለች ማለት ነው። ገነት ተዘግታ ነበር፤ ለልጅሽ ትከፈትላታለች።

አሁን ያን ቀን የሚሆነውን ላሳይሽ። ብዙ እናቶች ውጭ ወይ ዳር ቆመው ስለሚጠብቁ አያዩትም።

ካህኑ መጽሐፈ ክርስትናውን ይዘው ጸሎቱን ያደርሳሉ። የክርስትና እናቷ ልጅቷን ይዛ ወደ ምዕራብ ትዞራለች። ምዕራብ ፀሐይ የሚጠልቅበት፣ የጨለማ ወገን ነው። በልጅቷ ፈንታ «እክሕደከ ሰይጣን» ትላለች፤ ሰይጣንን ትክዳለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ትዞርና እምነቷን ትመሰክራለች። አስተውዪ፤ ቃል የምትገባው የክርስትና እናቷ ናት። ቃሉን የምትጠብቀውም፣ ልጅቷ ስታድግ የምታስተምራትም እሷ ናት።

ውሃው ይጸለይበታል፣ ይባረካል። ቤተ ክርስቲያናችን ያ ውሃ ማየ ገቦ ይሆናል ብላ ታስተምራለች፤ በመስቀል ላይ ከጌታ ጎን የፈሰሰው ውሃ ማለት ነው። ወንድምሽ «ውሃ ብቻ» ያለው እዚህ ላይ ነው ከእኛ የሚለየው። ልጅቷ በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም ሦስት ጊዜ ትጠመቃለች። ጌታ ሦስት መዓልትና ሦስት ሌሊት በከርሠ መቃብር ማደሩን ያሳያል። ስትገባ ከእርሱ ጋር ትቀበራለች፣ ስትወጣ ከእርሱ ጋር ትነሣለች፤ ሮሜ 6ን አንብቢው። ከዚያ ቅብዓ ሜሮን በ36 የሰውነቷ ክፍል ላይ ትቀባለች። ግንባሯ፣ ዓይኗ፣ ጆሮዋ፣ እጇ፣ እግሯ ሁሉ ይታተማል። ነጭ ልብስ ትለብሳለች፣ ማዕተቧ አንገቷ ላይ ይታሰራል፣ የክርስትና ስሟ ይወጣላታል። በዚያው ቀን ሥጋ ወደሙን ትቀበላለች። ገና ጥርስ ያላበቀለች ልጅ ከጳጳሱ እኩል ከአንድ ማዕድ ትቆርባለች። እኔ በየጊዜው ሳየው ይገርመኛል።

የት ትነሳ ላልሽው፤ ዋድላ ብትነሳም ደሴ ብትነሳም የምትገባበት ቤተ ክርስቲያን አንድ ነው። በጸሎተ ሃይማኖት «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» የምንለው ለዚህ ነው። የደሴው ውሃ ከዋድላው አያንስም። ሆኖም የክርስትና እናቷ በየቀኑ የምታያት፣ እጇን ይዛ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳት ሴት ብትሆን ይሻላል። ዋድላ ያለች ሴት ደሴ ያለችን ልጅ እንዴት ታሳድጋለች?

ቦርከና

ኮምቦልቻ የምኖር የወንጌል አማኝ ነኝ። ቀርባችሁ እንድታዩኝ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ለክርክር አይደለም።

እህቴ፣ ወንድምሽ ምን ለማለት እንደፈለገ ልንገርሽ። እኔም በ40 ቀኔ የተነሳሁ ነኝ። ካደግኩ በኋላ ወንጌል ሰምቼ፣ አልቅሼ፣ ወስኜ ነው የተጠመቅኩት። በሐዋርያት ሥራ 8 ላይ የአገራችንን ሰው ጃንደረባውን አስቢ። ፊልጶስ መጀመሪያ ኢሳይያስን አስረዳው። ከዚያ እሱ ራሱ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ራሱ ነው የጠየቀው። ማንም አላዘለውም። እኛ ጋ ጥምቀት ሰው በጉባኤ ፊት «ከእንግዲህ የክርስቶስ ነኝ» የሚልበት ምስክርነት ነው። ለዚህ ደግሞ ልብ ያስፈልጋል። ወንድምሽ ይሄንን ነው ያጣሁት ብሎ የሚያስበው።

ዲያቆን የጻፉትን ግን በጥሞና አንብቤዋለሁ። ወደ ምዕራብ ዞሮ ሰይጣንን መካዱን አላውቅም ነበር። እናመሰግናለን።

መካነ ኢየሱስ ነኝ

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፕሮቴስታንት ሁሉ ሕፃን አያጠምቅም ማለት አይደለም። መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ስለሆነች ሕፃናትን ታጠምቃለች፤ በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረትም እንዲሁ ነበር። ካቶሊክም ታጠምቃለች። ሙሉ ወንጌልና ቃለ ሕይወት ናቸው አምኖ ለመጣ ብቻ የሚሉት። ወንድምሽን የትኛው እንደሆነ ጠይቂው፤ ውይይታችሁ ይቀልላችኋል።

የቦሩ ሜዳው

የታሪክ መምህር ነኝ። በወሎ ስለ ጥምቀት ከተነሣ ቦሩ ሜዳ መነሣቱ አይቀርምና ትንሽ ልበል። ብዙ ወጣት ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው።

በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ አራተኛ እዚህ ሜዳ ላይ ጉባኤ ጠርተው ሊቃውንቱን አከራከሩ። ምኒልክም ነበሩ። የክርክሩ እምብርት ጌታ ተቀባ ሲባል ምን ማለት ነው የሚለው ነው። ጌታ ከአብና ከድንግል ከመወለዱ ሌላ በመንፈስ ቅዱስ ቅብዓት ሦስተኛ ልደት አለው የሚሉት፣ ሦስት ልደት የሚባሉት፣ ተረቱ፤ ከአብና ከድንግል ብቻ የሚለው የተዋሕዶው ሁለት ልደት ጸና። ይህን የማነሣው ለምንድነው? እዚህ አገር ሰው ስለ ጥምቀትና ስለ መቀባት ትርጉም እንቅልፉን አጥቶ የተከራከረበት ዘመን እንደነበረ እንድናውቅ ነው። እህታችን «ምን እንደሆነ ላውቅ» ማለቷ አዲስ ነገር አይደለም። የወሎ መሬት የለመደው ጥያቄ ነው።

ከጉባኤው ጋር የመጣው ሌላው ነገር ግን ያማል። የወሎ ሙስሊም መኳንንት እንዲጠመቁ ታዘዘ። ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ክርስትና ያነሷቸው አፄ ዮሐንስ ራሳቸው ናቸው። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት ማለት ነው። አባ ዋጠው ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ፤ እሳቸውን ያነሱት ምኒልክ ናቸው። የክርስትና አባትነት ያኔ ትልቅ ዝምድና ነበር፤ ንጉሥን ከመስፍን ያስተሳስራል። መኳንንቱ ሹመታቸውን ይዘው ቆዩ። ተራው ሰው ግን ወይ ተጠመቀ፣ ወይ ተሰደደ፣ ወይ እንደ ሼህ ጦልሐ ተዋጋ።

ጥምቀት ከልብ ሲለይ ምን እንደሚሆን የወሎ ሰው ያውቀዋል።

የገራዶ ልጅ

ሙስሊም ነኝ። በውይይቱ መሃል ከገባሁ አይቀር ልናገር።

መምህር ያሉትን ቤታችን በቃል ያወራዋል። ያኔ የነበሩትን አያቶቻችንን «ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት እስላም» ይሏቸው ነበር። ቀን ማዕተብ አስረው ይወጣሉ፣ ማታ በር ዘግተው ይሰግዳሉ። ከዘመድ ግማሹ በዚያው ክርስቲያን ሆኖ ቀረ፣ ግማሹ ተመለሰ። ለዚህ ነው እኔ የክርስቲያን አጎት ያለኝ። ቁርኣን «በሃይማኖት ማስገደድ የለም» ይላል፤ አያቶቻችን በሥጋቸው ያወቁት ነገር ነው።

እህቴ፣ አንቺ ግን ልጅሽን የምትሰጪው በፍቅር ነው። ማንም አላስገደደሽም። ዕድሜ ይስጣት። አላህ ያሳድግልሽ።

ቦርከና

መምህርም ገራዶም ያላችሁት ልቤን ነካው። ግን ከዚሁ ተነሥቼ አንድ ጥያቄ ዲያቆንን ልጠይቅ። ያኔ የተጠመቁት ስላልመረጡ ጥምቀቱ ከልብ አልሆነም ካልን፣ ሕፃንስ መች መረጠች? ቅር እንዳይልዎት።

ዲያቆን ዘሐይቅ

ወንድሜ፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅር አይለኝም።

በግድ የተጠመቀው ሰው ልብ ነበረው፤ ልቡ ሌላ ቦታ እያለ አንገቱ ላይ ክር ታሰረ። ያለ ፈቃዱ ተፈጸመበት። ሕፃኗ ግን የምትቃወምበት ሌላ እምነት የላትም። ያላት እናቷና አባቷ ናቸው። እናት ጡቷን ስታጠባ ልጇን አታስፈቅድም፤ ካለሱ እንደማትኖር ስለምታውቅ ትሰጣታለች። ጌታ ለኒቆዲሞስ «ሰው ከውኃና ከመንፈስ ካልተወለደ በቀር ወደ እግዚአብሔር መንግሥት ሊገባ አይችልም» ሲል ዕድሜ አልለየም። መወለድ ብሎ ነው የጠራው። የሚወለድ ሰው ደግሞ መወለዱን አይመርጥም፤ ይቀበላል።

መጽሐፉም ያግዘናል። በሐዋርያት ሥራ 16 የወኅኒው ጠባቂ ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር በዚያው ሌሊት ተጠመቀ። ልድያም ከቤተ ሰዎቿ ጋር። በምዕራፍ 2 ጴጥሮስ ተስፋው «ለእናንተና ለልጆቻችሁ» ነው አለ። ቆላስይስ 2 ጥምቀትን ከግዝረት ጋር ያያይዘዋል፤ ግዝረት ደግሞ በስምንት ቀን ነበር።

የጃንደረባውን ነገር ግን እኔም እወደዋለሁ። አዋቂ ሆኖ ለሚመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያናችንም መጀመሪያ ታስተምራለች፣ ከዚያ ታጠምቃለች። ካላመነ አታጠምቅም።

ቦርከና

አመሰግናለሁ። በዚህ ላይ አንስማማም፣ ግን ገባኝ። አንድ ነገር ግን ለሁላችንም እላለሁ። ሕፃን አጥምቆ ከዚያ በኋላ የማያስተምር ቤት ብዙ ነው። እኔ ማዕተብ ነበረኝ፣ የክርስትና አባቴን ግን በመልክም አላውቃቸውም ነበር። አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ አስተምሮኝ ቢሆን ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ዲያቆን ዘሐይቅ

ይህን አልክድም። የእኛ የቤት ሥራ ነው። የክርስትና አባትነት ድግስ ላይ ለመቀመጥና ልብስ ለመግዛት ብቻ እየሆነ መጥቷል። «ሀብታም ስለሆነ ያንሳልኝ» የሚባልበት ጊዜ ነው። በሥርዓቱ ግን የክርስትና አባት መምህር ነው።

ከመርሳ

ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ፤ እዚህ ላይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በ2013 ክረምት ጦርነቱ ሲመጣ ከመርሳ ወጣን። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ደሴ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጠልለን ነው የወለድኩት። ወንድ ልጅ። አርባ ቀኑ ሲቀርብ ምንም አልነበረኝም። ባለቤቴ አብሮኝ አልነበረም፣ ቤተሰቤ ተበትኗል፣ ለክርስትና የሚሆን ነጭ ጨርቅ እንኳ አልነበረኝም። ወንድ ልጅ ወንድ ነው የሚያነሳው፤ እኔ ግን የማውቀው አንድም ወንድ እዚያ የለም።

እኛ የተጠለልንበት ክፍል ዳቦ የሚያመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። «አባ፣ ልጄን ያነሱልኛል?» አልኳቸው። ምንም አልጠየቁኝም። ማታ ከሱቃቸው ቁራጭ አቡጀዲ አምጥተው በእጃቸው ሰፍተው ቀሚስ አደረጉለት፤ ዳሩን ዙሪያውን በጥልፍ። ጠዋት ጾመው መጡ። ልጁን ሲያቅፉት እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ድግስ የለም፣ እልልታው የእኔና የሁለት ተፈናቃይ ሴቶች ነው። ስሙ ገብረ መድኅን ተባለ።

ከዚያ ደሴም ተያዘች፣ ሁላችንም ተበታተንን። አገር ሰላም ሲሆን መርሳ ተመለስኩ። አባ ስልኬን ፈልገው አገኙ። እስከ ዛሬ በየወሩ ይደውላሉ። ለእኔ ሰላምታ ሰጥተው ሲያበቁ «ልጄን አገናኚኝ» ይላሉ። ልጁን በስልክ «አባታችን ሆይ» ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በእሱና በእሳቸው የልጅ ልጆች መሃል ጋብቻ የለም፤ ዘመድ ሆነናል።

የዋድላዋ እህቴ፣ የማይታወቅ ቤተ ክርስቲያን፣ የማታውቂው ሰው ብለሽ አትፍሪ። በዚያ ቀን ነው የምትተዋወቁት።

እትዬ ቧንቧ ውሃ

አስለቀስሽኝ ልጄ። እኒያን ሰው እግዚአብሔር ያቆይልሽ።

ደላንታ

ይህን ካነበብኩ በኋላ ያልኩትን አላጸናም። እዚያው ትነሳ።

ጦሳ ስር

ጥያቄ አለኝ፤ ከርዕሱ ብዙ አይርቅም። በየዓመቱ ጥር 11 ውሃ የምንረጨው እንደገና መጠመቅ ነው እንዴ? ሰፈራችን እንዲህ የሚሉ አሉ።

ዲያቆን ዘሐይቅ

አይደለም። ጥምቀት አትደገምም። ጥር 11 ጌታ በዮርዳኖስ መጠመቁን የምናከብርበት ነው፤ የምንረጨው ለበረከት ነው። ላሊበላ ሄደሽ ከሆነ አብያተ ክርስቲያናቱን ለሁለት የሚከፍለው ወንዝ ዮርዳኖስ እንደሚባል ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለው ስያሜ ያንን ቀን በዓይናችን እንድናየው ያደርገናል። ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. የመዘገበው በዓል ይህ ነው። የልጅቷ ክርስትና ግን በሕይወቷ አንዴ ብቻ ነው።

ሐረጎ

እኔም አንድ ልጠይቅ። ሕፃኗ ከሰማንያ ቀኗ በፊት በጠና ብትታመምስ? ሰማንያዋ አልሞላም ተብሎ ይጠበቃል?

ዲያቆን ዘሐይቅ

አይጠበቅም። ለሕይወቷ የሚያሰጋ ከሆነ ቀኑ ሳይሞላ ትጠመቃለች። ወዲያውኑ ለካህን መንገር ነው። ማጥመቅ የሚችለው ግን ቄስ ነው፤ እንደኔ ያለ ዲያቆን አያጠምቅም። እግዚአብሔር ከዚህ ይሰውራት።

የዋድላዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሳጠባ እያነበብኩ፣ ስትተኛ እያነበብኩ ከረምኩ። ለባለቤቴም መንገድ ላይ እያለ በስልክ አነበብኩለት፤ የመርሳዋን ሲሰማ መኪናውን ዳር ይዞ ቆመ።

እትዬ፣ ያሉኝን አደረግኩ። እኔ መግባት ስለማልችል ባለቤቴ ሲመለስ ለቤታችን የሚቀርበው አጥቢያ ሄደ። ጽሕፈት ቤቱ ተመዘገብን። ሰበካ ጉባኤው መሸኛ ጠየቀን፣ አማቴ ከዋድላ እያጻፉ ነው። የንስሐ አባትም ያዝን። ቤታችን መጥተው ጸሎት አደረሱ፣ ጠበል ረጩን። «ከየት ናችሁ?» አሉን። ዋድላ ስንላቸው እሳቸውም በልጅነታቸው እዚያ ቆሎ ትምህርት ተምረዋል! የእኛን ደብር ቅኔ መምህር ስም ጠርተው ጠየቁን። ከዚያ በኋላ ከቤታችን አልሄድ አሉ፤ ቡና ሦስተኛው ድረስ ተጠጣ።

አማቴ ይመጣሉ። መጀመሪያ ከፋቸው፤ ባለቤቴ «አንድ ጥምቀት ነው ይላል ጸሎተ ሃይማኖት» ሲላቸው ግን «ይሄንንማ እኔ ነኝ ያስተማርኩህ» ብለው ሳቁ።

የክርስትና እናቷን ደግሞ አገኘሁ። ራቅ ብዬ ስፈልግ ነበር። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤቴ ናት። ስወልድ ገንፎ ይዛ የገባች፣ ልጅቷን ለማጠብ በየጠዋቱ የምትመጣ። ትቆርባለች፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። ስጠይቃት ዝም አለች፤ እምቢ ልትል መስሎኝ ደነገጥኩ። «እስቲ መጀመሪያ የንስሐ አባቴን ላማክር፣ የምጠየቅበት ነገር ነው» አለች። ቦርከና ወንድሜ፣ ይሄን ስሰማ አንተን አሰብኩህ። በማግስቱ እሺ አለችኝ።

ወንድሜንም ጠራሁት። ዲያቆን የጻፉትን አስነበብኩት። አልተስማማም። «ግን አንቺ አውቀሽ እያደረግሽው ነው፣ ደስ ብሎኛል» አለ። ይመጣል። ድንች ልላጥ ብሏል።

አሁን የቀረኝ አንድ ነገር ነው። አከራያችን ሙስሊም ናቸው፣ ጎረቤቱም ግማሹ ሙስሊም ነው። አገሬ እንዲህ ያለ ድግስ ስላልነበረን ሥርዓቱን አላውቅም። እንዴት ነው የማስተናግዳቸው?

የገራዶ ልጅ

ቀላል ነው እህቴ። ለእነሱ በግ ለብቻ ግዢ። አንድ ሙስሊም ይረደው፤ አከራይሽ ልጅ ካላቸው እሱን ጠይቂ፣ ደስ ይለዋል። ቢላው፣ ድስቱ፣ ጭልፋው ለብቻ ይሁን። የሚሠሩትም ከሙስሊሞቹ ሴቶች ይሁኑ። መቀመጫ ግን አትለዪ፤ ትሪው ነው የሚለየው እንጂ ሰዉ አብሮ ነው የሚቀመጠው። ማር ካለሽ ጠጅ ለክርስቲያኑ፣ ብርዝ ለእኛ። ወሎ እንዲህ ነው የሚበላው። የሚያርድ ካጣሽ እኔ ከገራዶ እመጣለሁ፤ ሩቅ አይደለም።

እትዬ ቧንቧ ውሃ

ትልልቅ ድስት እኔ ጋ አለ፣ የማኅበራችን ነው። ለሙስሊሞቹ የሚሆነውን ግን አከራይሽን ጠይቂ፣ የራሳቸውን ይጠቀሙ። ቀኑን በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ክርስትናው በጠዋት ስለሆነ ነጠላሽንና የልጅቷን ነጭ ልብስ ማታውን አዘጋጂ። ብርድ ነው፣ ወፍራም ጋቢ ያዢ፤ ከውሃው እንደወጣች የምትጠቀለልበት።

የዋድላዋ

እትዬ፣ ልኬያለሁ። ገራዶ ወንድሜ፣ የአከራያችን ልጅ አርዳለሁ ብሏል፤ አንተ ግን ለመብላት ና።